የመቶ ስልሳ አራት ሊትር ክስ

ቫልፓራይሶ ወደብ፣ በጥር ወር ቀትር፣
ከቦቴው ገለበጥን ሃያ ሺህ ሊትር።
ብረቱ ያቃጥላል፣ ቱቦው ይለበልባል፣
ናፍጣው ሃያ አምስት ዲግሪ ይነበባል።
ኒካኖር ፈረመ፤ ክዳኑን እኔ ዘጋሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሞተር ሲነሣ እየሰማሁ
ገና የምደነግጥ፣ ገና ለማጅ ነበርሁ።

ከሞተሩ በላይ አንድ ቆጣሪ አለ፤
ሊትር የሚባል አያውቅም፤ ኪሎ እያሰላ ዋለ፦
በሰዓት ሰማንያ አራት።
«ይህ ቁጥር ምንድነው?» ብዬ ብጠይቀው፣
ኒካኖር እጁን በጨርቅ እየጠረገው፦
«ሞተር ክብደት እንጂ ስፋት አይበላም፤
ስንት ቆርቆሮ ሞላ ብለሽ ብትጠይቂው አይገባውም።
ሻጩ ግን በሊትር ይሸጣል፣
ጌታችንም በሊትር ያስባል፤
በሁለቱ መሀል ሽማግሌ ያሻል።
እፍግታ ይባላል።
አንድ ሊትር ናፍጣ ስንት ኪሎ ይመዝናል?
ፍሰቱን ለዚያ አካፍይ፣ ሊትሩ ይወጣል።»

ከደረት ኪሱ ደብተር አወጣና
በእርሳስ ጻፈልኝ፣ ምላሱን ነክሶ እንደ ተማሪ፣ ጎንበስ አለና፦
ሰማንያ አራት፣ ሲካፈል ለዜሮ ነጥብ ስምንት አራት፣
መቶ ሊትር በሰዓት።
መቶ! እንዲህ ያለ ድፍን፣ ልሙጥ ቁጥር
እንደ እንቁላል ነው፤ ሰው ያምነዋል ሳይሰብር።

መቶ ሰዓት ሄድን።
ዝናቡ ከጎን መጣ፣ ጭጋጉ ከደን፤
ከበረዶው ተራራ የወረደ ውሃ ቀዘፋችንን ያዘ፣
የመርከቧ ሆድ ዕቃ ከባሕሩ ጋር ቀዘቀዘ።

ፑዌርቶ ኤደን ስንደርስ፣ ከእንጨት መረማመጃው ላይ
ዶን ኤቫሪስቶ ቆሟል፣ ባለመርከቡ፣ ዝናብ እንደማያይ።
ቀድሞን ነው የመጣው። ሰላምታም አልሰጠ፤
ዘንጉን ጋኑ ውስጥ ሰደደ፣ እርጥቡን በጥፍሩ ለካ፣ ተቆጣ፣ አፈጠጠ።
«ሃያ ሺህ ጫንክ። መቶ ሰዓት በመቶ፣ አሥር ሺህ ተቃጠለ።
አሥር ሺህ ሊቀር ይገባል፤
ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ስድስት ብቻ አለ!
መቶ ስልሳ አራቱን ለማን ሸጥከው፣ ኒካኖር?
ለአሣ አጥማጆቹ? ወይስ ለዘመድህ? ተናገር!»

ኒካኖር ዝም አለ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ታጥቦ ጥቁረቱ ያልለቀቀውን
እጁን ዘረጋና ዝናብ አስሞላው መዳፉን።

እኔ ወደ ታች ወረድኩ።
ቴርሞሜትሩን በገመድ አሰርኩ፣ ጋኑ ውስጥ ሰደድኩ፤
አምስት ዲግሪ።
በጠርሙስ ቀዳሁ፤ ተንሳፋፊውን መለኪያ ጣልኩበት፣
ዜሮ ነጥብ ስምንት አምስት አራት አነበብኩበት።
የጫንነው አሥራ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ፣
ቆጣሪው የቆጠረው ግማሹን፤ የቀረው ግማሹ፣ ያለ አንዳች ጎደሎ።
ለአዲሱ እፍግታ ባካፍለው፣
ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ስድስት ነው።

ያው! እርሱ በዘንጉ ያገኘው!

ሌባው ብርድ ነበር፤ ያውም ምንም ያልወሰደ።
ናፍጣው ብርዱን ሸሽቶ ኩርምት አለ እንጂ የትም አልሄደ።

ወረቀቱ በዝናብ ሳይርስ ለዶን ኤቫሪስቶ አሳየሁት።
ሁለት ጊዜ አነበበ። ይቅርታ አልወጣውም፤ አልጠበቅሁት።
«ታዲያ ቫልፓራይሶ ላይ የከፈልኩት ለሙቀት ነው?» አለ።
«አዎ» አለ ኒካኖር፤ የዚያን ቀን ሌላ ቃል አላከለ።

ማታ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ጠየቅሁት፦
«ታውቀው ነበር አይደል? ለምን ዝም አልክ?» አልሁት።
«ተከሳሽ ሲያሰላ ማን ያምነዋል?» አለኝ፣
ሳቀና፣ እርሳሱን ሰጠኝ።

ደብተሩ ዛሬ እኔ ጋ ነው።
መቶዋን አላጠፋትም፤ አንዲት ሰረዝ ብቻ ነው የሳለባት፣
ከሥሯ በእኔ ጽሑፍ፦ ዘጠና ስምንት ነጥብ አራት፣
ከጎኑም በእርሱ ጽሑፍ፣ ድክም ያለ፣ ወደ ታች የወረደ፦
«አምስት ዲግሪ። ሚሬያ ለካችው። ዝናብ ነበር።»